ዶሮ ራጅ አስነሳለሁ

እናቴ ጎረቤቶቿ «ልጅሽ አሜሪካ ምን ይሠራል?» ሲሏት የምትመልሰው ይጠፋታል። «ዶሮ ፋብሪካ» ብትል ዶሮ ሲያርድ የሚውል አድርገው ያስቡኛል። «ኳሊቲ» ብትል የሚገባው የለም። ባለፈው በስልክ ወጥራ ስትይዘኝ «እማዬ፣ በቃ ዶሮ ራጅ ያስነሳል በያቸው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ምኗን አሟት?» አለችኝ።

ምኗንም አላመማት። ዶሮዋ እኔ ጋ ስትደርስ ከታረደች ቆይታለች፣ ተገነጣጥላለች፣ ቆዳዋ ተገፏል፣ አጥንቷም ወጥቷል ተብሏል። የቀረችው የደረቷ ሥጋ ብቻ ናት፣ እሷም ትሪ ላይ ታሽጋ በቤልት፣ ማለት ዕቃ ተሸክሞ በሚሄድ ረጅም ቀበቶ፣ እየጋለበች ትመጣለች። የእኔ ሥራ ያንን «ተብሏል» ማጣራት ነው።

ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። የማታ ሺፍት ላይ ሐበሻው ብዙ ነው፣ እረፍት ክፍሉ ውስጥ ማይክሮዌቩ የሽሮ ሽታ ከያዘ ቆይቷል። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገርመው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአጥንት? እኛ ቤት ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ሁሉም ከነአጥንቱ ነው የሚቀርበው፣ አጥንት የሌለው ዶሮ ወጥ ቢቀርብልህ ማን በላብኝ ትላለህ። እዚህ ግን ፓኬቱ ላይ «አጥንት የሌለው» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ አንዱ ጥርሱን ቢሰበር የሚደውለው ለጥርስ ሐኪም ሳይሆን ለጠበቃ ነው።

በነገራችን ላይ «ራጅ መነሳት» የሚለውን አነጋገር በጣም ነው የምወደው። ልክ እንደ ፎቶ ነው የምንነሳው። ቃሉ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ «ራጂ» በእነሱ ጨረሮች ማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ ባገኘው ሰው ስም ሮንትገን ይሉታል። ቪልሄልም ሮንትገን በፈረንጆቹ 1895 ኖቬምበር ላይ ቩርዝቡርግ ከተማ ላብራቶሪው ውስጥ ሲያገኘው ምን እንደሆነ ስላላወቀ «ኤክስ» አለው፣ ሒሳብ ላይ ያልታወቀውን እንደምንለው። በወሩ የሚስቱን እጅ አነሳው፣ አጥንቷ ከነቀለበቷ ቁልጭ ብሎ ታየ። ያ ፎቶ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእኔ መተዳደሪያ ሆነ።

ማሽኑን ከውጭ ስታየው ፍሪጅ በጎኑ የተጋደመ ይመስላል። ቤልቱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። ከላይ ጨረሩን የሚያወጣ ቱቦ አለ፣ እሱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ተወርውረው ተንግስተን ከሚባል ብረት ጋር ሲላተሙ ጨረር ይወጣል። ጨረሩ እንደ አምፖል ዙሪያውን አይበተንም። በቀጭን ስንጥቅ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ እንደ ነጠላ ጠርዝ ስስ ሆኖ ቤልቱን አቋርጦ ይወርዳል። ከቤልቱ ሥር በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን መቀበያዎች አሉ፣ የእኛ ማሽን ላይ ከአንዱ መቀበያ እስከ ሌላው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ማሽኑ ዶሮዋን በአንዴ አያያትም። ሐኪም ቤት እንደለመድነው «ትንፋሽህን ያዝ፣ አትንቀሳቀስ» የሚባል ነገር የለም፣ እንዲያውም ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። ልጅ ሆነን በቆርቆሮ አጥር ስንጥቅ መንገደኛ ስናይ ትዝ ይላችኋል? መጀመሪያ አፍንጫው ይመጣል፣ ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ ጀርባው፣ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው ሙሉ ሰው የሚሆነው። ማሽኑም እንደዚያ ነው። አንድ ቀጭን መስመር ያነባል፣ ዶሮዋ ትንሽ ትራመዳለች፣ ሌላ መስመር ያነባል፣ ከዚያ መስመሮቹን ጎን ለጎን ይሰፋቸዋል። ቤልታችን በደቂቃ 30 ሜትር ነው የሚሄደው። በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለ0.4 ብታካፍሉት በሰከንድ 1,250 መስመር ይመጣል። እኔ አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ማሽኑ ስንት መቶ ጊዜ አይቷል።

ስፌቱ እንዲያምር ግን ማሽኑ ቤልቱ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅ አለበት። ለዚህ ዘንጉ ላይ ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ተገጥሟል። አንድ ማታ ቤልቱ ውሃ ጠጥቶ መንሸራተት ጀመረ፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ቤልቱ ግን ወደኋላ እየቀረ ነው። ስክሪኑ ላይ ዶሮዎቹ ሁሉ ተጎትተው እንደ ሰጎን ረዘሙ። ሳቅን ሳቅንና ላይኑ፣ የምርት መስመሩ ማለት ነው፣ ቆመ፣ ሜካኒክ እስኪመጣ 40 ደቂቃ። ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሰው ሁሉ «ማሽኑ አጥንት ያገኛል» ነው የሚለው። ማሽኑ አጥንት ምን እንደሆነ አያውቅም! የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከላይ ከተላከው ጨረር ስንቱ ታች ደረሰ። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጨረሩን ያሳልፈዋል፣ ስክሪኑ ላይ ፈዘዝ ይላል። አጥንት ካልሲየም አለበት፣ ያስቀረዋል፣ ጠቆር ይላል። ብርጭቆና ጠጠር የባሰ ይጠቁራሉ። ብረት ድፍን ጥቁር ነው። በቃ፣ የጥላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ምንም ጥፋት የሌለበት ሥጋ ትሪው ላይ ተጣጥፎ ሲወፍር እሱም ይጠቁራል፣ ማሽኑም አጥንት መስሎት ቀይ ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። ከቀዩ ሣጥን ውስጥ የተጣለ ትሪ ከፍተን በጣት ስንዳብስ ብዙ ጊዜ ምንም የለም። እንዳይጥል ብለህ ምን ያህል ሲጠቁር እንደሚጥል የሚወስነውን ቁጥር ካላላኸው ደግሞ ቀጭኗ አጥንት ታመልጣለች። አዲስ ልጅ ሲመጣ ቁጥሩን መነካካት ይወዳል፣ ቁጥሩ በፓስዎርድ የተቆለፈው ለዚያ ነው።

ዶሮ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እዚህ ለሥጋ የሚያረቧት ዶሮ የምትታረደው ገና በስድስትና በሰባት ሳምንቷ ነው። ሕፃን ናት። አጥንቷ ገና ካልሲየም አልጠገበም፣ በተለይ ደረቷ አካባቢ ያለችው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋች ስስ አጥንት ከሥጋው ብዙም አትለይም። ልም አጥንትማ ጭራሽ አይታይም። የሀገር ቤቷ የስንት ዓመት ዶሮ ብትመጣ ኖሮ ማሽኑ እንቅልፉን እየተኛ ያገኛት ነበር።

የማይታየውን ልጨርስላችሁ፦ ፀጉር፣ ዝንብ፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ ስስ ፕላስቲክ። ጨረሩ ለነዚህ ደንታ የለውም። አንድ ደንበኛ ፀጉር አግኝቶ «ኤክስሬይ አለን ትላላችሁ አይደል እንዴ» ብሎ ሲጽፍ ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው ቢናደድ አይፈረድበትም፣ ግን ራጅ ሐኪም ቤትም ፀጉር አያሳይም።

«ታዲያ የብረት መፈተሻ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። እሱም አለን፣ ሌላ ላይን ላይ። ያኛው በመግነጢስ ነው የሚሠራው፣ ሦስት የሽቦ ጥቅል አለው፣ ብረት ሲያልፍ ሚዛኑ ይዛባል። ርካሽ ነው፣ ጎበዝም ነው። ግን ጨውና ቅመም የጠጣ እርጥብ ሥጋ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ራሱ ብረት ነኝ ይላል። ስለ አጥንትና ስለ ብርጭቆ ደግሞ ምንም አያውቅም።

እናቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት የያዘችው አንዱን ብቻ ነው። ጨረሩን። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ልጅ አያስወልድም ይላሉ እኮ!» እሷ ብቻ አይደለችም። እኛው ጋ አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ በማሽኑ አጠገብ አላልፍም ብላ በረዶ ክፍሉን ዞራ ነበር የምትመላለሰው፣ የሚያስረዳት ስላጣች እንጂ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያበራ፣ የተቀበረ ምናምን ንጥረ ነገር የለም። ጨረሩ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ስታጠፋው አለቀ። በሩ ሲከፈትም ራሱ ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ልክ አለ፣ ከሣጥኑ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚያመልጠው ጨረር በሰዓት ከ0.5 ሚሊሮንትገን (የጨረር መለኪያ ነው) መብለጥ አይችልም። ምግቡም ቢሆን ጨረር አይቋጥርም። የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤታቸው ለፍተሻ ተብሎ ምግብ ላይ ከ0.5 ግሬይ በላይ (ግሬይ ያረፈው ጨረር የሚለካበት ነው) እንዳያርፍ ከልክሏል፣ ከእኛ ማሽን የሚደርሳት ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። በፈረንጆቹ 1980 የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ጋር ተቀምጠው፣ ተባይና ጀርም ለመግደል ምግብን ሆን ብሎ በጨረር መምታት እስከ 10,000 ግሬይ ድረስ ጉዳት የለውም ብለው ነበር። ከ0.5 ጋር አስተያዩት።

እናቴ አዳምጣ አዳምጣ «እንግዲያማ እኛ ሰፈር ቢተክሉትም ማንንም አይጎዳም፣ መብራቱ መች ይኖራል» አለች።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መግቢያውና መውጫው ላይ ጨረሩ እንዳያመልጥ የእርሳስ ብረት ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ሥጋ ቤት በር ላይ እንዳለው ዓይነት ቅጥልጥል። ትሪ ሲቀረቀር ሰው ቸኩሎ መጋረጃውን ገልጦ እጁን ይሰዳል። ቤልቱ እየሄደ፣ ጨረሩም እየበራ። በሩ መቆለፊያ አለው፣ መጋረጃው የለውም። አንዱን ወንድማችንን በዚህ ነገር ላይ ጮኼበት አውቃለሁ፣ ኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ግን አሁንም ባየው እጮህበታለሁ።

እና ያ ሌሊት መጣ።

በየሰዓቱ ማሽኑን እንፈትነዋለን። ካርዶች አሉን፣ አንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ፣ አንዱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ብርጭቆ፣ አንዱ ላይ አጥንት ተብሎ የተሠራ ነገር። ደህና ትሪ ላይ እያስቀመጥን እንልካለን። ማሽኑ ማየት አለበት፣ ካየ በኋላ ደግሞ ከመውጫው በኋላ ያለው በአየር ግፊት የሚሠራ ክንድ ትሪውን ገፍቶ ቀዩ ሣጥን ውስጥ መጣል አለበት። ካልሆነ፣ ካለፈው የተሳካ ፈተና ወዲህ ያለፈው ምርት በሙሉ ይያዛል። ሕጉ ይሄ ነው፣ ግድግዳው ላይም በአራት ቋንቋ ተለጥፏል፣ አማርኛው በመጠኑ ያስቃል።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የብረቱን ካርድ ላክሁ። ስክሪኑ ቀላ። ማሽኑ ጮኸ። ኳሷን በቀይ ክብ አጥሮ አሳየኝ። ክንዱ ግን «ሽሽ» ብሎ እንደ ደከመው ሽማግሌ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ተመለሰ፣ ትሪዋም ሳትነካ አለፈች። ሮጬ ያዝኳት። ሌላ ላይን ላይ የአየር ቱቦ ተቀዶ ግፊቱ ወርዶ ኖሯል። ግፊት ሲወርድ የሚጮህ ማንቂያም ነበረው፣ ድምፁ ይረብሻል ተብሎ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ዘግቶታል።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ። «አይቶታል አይደል? ድጋሚ ላከው» አለኝ። ላክሁት። በዚህ መሃል ቱቦው ተጠግኖ ግፊቱ ተመልሷል፣ ክንዱ ትሪዋን አሽቀነጠራት። «ይኸው፣ ይሠራል። ቀጥል።» እውነት ለመናገር ልቀጥል ነበር። የጭነት መኪናው ሁለት ሰዓት ጠብቋል፣ ሁላችንም ደክሞናል፣ እሱም ክፉ ሰው አይደለም። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ማሽኑ ሲያይና ሲጮህ፣ ክንዱ ደግሞ ሳይገፋ ምን ያህል አሳልፎ እንደሆነ ማን ያውቃል? ግፊቱ መቼ እንደወረደ የሚናገር የለም። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ይያዝ» አልኩት። የኳሊቲ ኃላፊዋን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። 14 ፓሌት ላይ፣ ካርቶን የሚደረደርበት መደብ ማለት ነው፣ ቢጫ ወረቀት ተለጠፈ።

ቢጫ ወረቀት መለጠፍ ቀላል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው ሥራ፦ 14ቱንም ፈቶ፣ እያንዳንዷን ትሪ እንደገና በራጁ ማሳለፍ። እስኪነጋ ቆምን። አንዳንዶቹ አላናገሩኝም። ሦስት ትሪዎች ተጣሉ። ሁለቱ የተጣጠፈ ሥጋ ነበሩ። በሦስተኛዋ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል አጥንት አገኘን። ለአንዲት አጥንት! ያለኝ ሰው አለ፣ ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም፣ ምክንያቱም እኔም በልቤ እንደዚያው ነበር የምለው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበረች፣ አዲስ አበባ አንድ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ። እሷም ቤልት ላይ ነበረች። ቡናው ይሄዳል፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበላውን፣ ጠጠሩን እየለቀመች ታወጣለች። አሁን በየማበጠሪያው በቀለም የሚለይ ማሽን ገብቷል ይባላል፣ ካሜራ አለው፣ ቀለሙ ያላማረውን ፍሬ በአየር እፍ ብሎ ያወጣዋል። ያኛው ቀለም ያያል፣ የእኔው ጥላ ያያል። እሷ ሁለቱንም ታይ ነበር፣ ማሽተቱንም ትጨምርበታለች። ወገቧ ግን የቀረው እዚያው ነው፣ ስለዚህ የድሮው ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም።

ይሄን ያነሳሁት በእትዬ ምክንያት ነው። እትዬ የላይናችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጎንደሬ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ከማሽኑ በኋላ ትሪ ወደ ካርቶን የሚከቱት እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛቸው «ኦኬ» እና «ኖ ኦኬ» ነው፣ ለሥራውም ከዚያ በላይ አላስፈለጋቸውም። ያ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ በራጁ ሁለት ጊዜ ካለፉት ትሪዎች አንዷን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጓትና ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ይሄን እይልኝ።»

ከፕላስቲኩ ሥር፣ ከሥጋው እጥፋት ውስጥ፣ የምስር ክክ የምታህል ሰማያዊ ነገር አለች። የቤልት ጠርዝ ሽራፊ ናት። ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ጓንቱም ቤልቱም ፕላስተሩም ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሰማያዊ ምግብ እምብዛም ስለሌለ ዓይን ቶሎ እንዲይዘው። ፕላስተሩ ውስጥ እንዲያውም ለብረት መፈተሻው ተብሎ ስስ የብረት ቅጠል ይጨመርበታል። ቤልቱም እንደዚያ ተደርጎ የሚሠራ አለ፣ ውድ ነው፣ የእኛው ከርካሹ ነው። ተራ ፕላስቲክ ደግሞ ጥላው ከሥጋ ብዙ አይለይም። ትሪዋን ወስጄ ለሦስተኛ ጊዜ በማሽኑ አሳለፍኳት። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። እትዬ «ኖ ኦኬ» አሉት።

ቅጹን መሙላት የእኔ ድርሻ ነበር። «ባዕድ ነገሩን ያገኘው መሣሪያ» የሚል ቦታ አለ፣ ምርጫው ሁለት ነው፦ ብረት መፈተሻ፣ ኤክስሬይ። ሁለቱንም ትቼ ጎኑ ላይ በእጄ «ዓይን» ብዬ ጻፍኩና ፈርሜ ወደ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

በማግስቱ ቅጹ ተመለሰልኝ። ያልተሞላ ቦታ አለ ተብሎ። አየሁት፣ «መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለበት ቀን» የሚለው ባዶ ነው። እትዬን ሄጄ ጠየቅኳቸው። መነጽሬን የቀየርኩት ለፋሲካ ነው አሉኝ። እሱኑ ጻፍኩ፣ እስካሁን አልተመለሰም።